ደረቅ ዝንጅብል በጅማ፦ ከጓሮ እስከ መድኃኒት ማሰሮ

በቻይና ባህላዊ ሕክምና እርጥብ ዝንጅብልና ደረቅ ዝንጅብል ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። እርጥቡን «ሼንግጂያንግ»፣ ደረቁን «ጋንጂያንግ» ይሉታል። እርጥቡን የሚያዙት ገና የጀመረን ብርድ በላብ ለማስወጣትና ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ነው። ደረቁን የሚያዙት ደግሞ በእነሱ አነጋገር «ለቀዘቀዘ» ሆድ ነው፦ ሲበርደው ለሚቆርጠውና ለሚያስቀምጠው፣ ሙቅ ነገር ሲያገኝ ለሚሻለው። በጋለ አሸዋ ተቆልቶ ቆዳው የጠቆረው «ፓኦጂያንግ» ሦስተኛ መድኃኒት ነው። ልጣጩ እንኳ ለብቻው ደርቆ ለእብጠት ይታዘዛል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። እርጥብ ዝንጅብልን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሥሩ ሲደርቅና ሲሞቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ የበለጠ ያቃጥላል። ስለዚህ ማድረቅ ለማስቀመጥ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ራሱ የመድኃኒቱ አሠራር ነው። ዝናቡ ረጅም፣ ጠዋቱ ጉም በሆነበት እንደ ጅማ ባለ አገር ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ክፍል ነው።

መቼ ይቆፈራል

በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ዝናቡ ሲይዝ የተተከለ ዝንጅብል ለማድረቅ የሚደርሰው ከ8 እስከ 9 ወር ቆይቶ፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቅጠሉ ይቢጫል፣ ግንዱ ደርቆ ይተኛል፣ ቆዳው በአውራ ጣት ሲታሽ አይላጥም። በ5 ወይም በ6 ወሩ የወጣ ለጋ ዝንጅብል ለወጥና ለሻይ ግሩም ነው፤ ክሩ ጥቂት ነውና ጥርስ ላይ አያስቸግርም። ለማድረቅ ግን አይሆንም። ውሃው ስለሚበዛ ይኮማተራል፣ ክብደቱም ተኖ ያልቃል። በመስከረም ገበያ ዋጋው ጥሩ ነው ተብሎ የተቆፈረ ዝንጅብል ሲደርቅ የሚሰጠው የተጨማደደ ቅርፊት ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ ገና ስላልወጣ የሚያደርቀው ፀሐይም የለም።

ዘሩና በሽታው

አተካከሉ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓይን ያለው፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቀበራል። በመስመሮች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከላይ በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ጉዝጓዝ ይሸፈናል። መደቡ ከፍ የሚለው ውሃ እንዳይተኛበት ነው፤ ውሃ የተኛበት ዝንጅብል ይበሰብሳል።

ከባዱ ጉዳይ አጠውልግ ነው። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዝንጅብል ባክቴሪያ አጠውልግ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የአርሶ አደሩን ማሳ ክፉኛ አውድሟል። ባክቴሪያው ከዘር ጋር ይጓዛል፣ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። የእንሰት አጠውልግ ሌላ ባክቴሪያ ነውና ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም። ለመብል ከገበያ የተገዛ ዝንጅብል ለዘር መትከል በገዛ እጅ በሽታውን ወደ ጓሮ ማስገባት ሊሆን ይችላል። ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ በነበረበት መሬት ላይም አይትከሉ።

የጠወለገ ተክል ካዩ መድረቅ ይሁን በሽታ በብርጭቆ ውሃ መለየት ይቻላል። ግንዱን አፈሩን ታክኮ ይቁረጡና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ይውሰዱ። የተቆረጠው ጫፍ ብቻ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንዲጠልቅ አንጠልጥለው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያው ነው። ያንን ተክል ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ፤ የቆፈሩበትን ዶማም ሳያጥቡ ወደ ሌላ መደብ አይውሰዱ። በዚያ ቦታ ቢያንስ ለ3 ዓመት ዝንጅብል አይመለስ፤ በቆሎ ይሻላል።

ማጠብ፣ መፋቅ፣ መቁረጥ

የተቆፈረው በዚያው ቀን ይታጠባል። አፈሩ አንዴ ከደረቀ በዝንጅብሉ ጣቶች (ቅርንጫፎች) መካከል ተጣብቆ ይቀራል፣ በኋላም ሲፈጭ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ጣቶቹን ለያይተው በወራጅ ውሃ በብሩሽ ይሹ። የቆሰለውንና የለሰለሰውን ለይተው ያውጡ።

አፋፋቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዝንጅብል ሽታ ያለው ዘይት ከቆዳው ሥር ወዲያው ባሉ ትንንሽ ቋቶች ውስጥ ነው የሚገኘው። በቢላዋ እንደ ድንች በወፍራሙ የላጠ ሰው መድኃኒቱን ከልጣጩ ጋር ጣለው ማለት ነው። በተሳለ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ጠርዝ ቆዳውን ብቻ በስሱ ይፋቁ። በደንብ ከታጠበ ሳይፋቅም ቢደርቅ ምንም አይደለም፤ ለመድኃኒት ማሰሮ እንዲያውም ይህኛው ይመረጣል።

ከዚያ ክሩን አቋርጠው፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ይቁረጡት። ከዚህ የሳሳ ዘይቱን ፈጥኖ ያጣል። ከዚህ የወፈረ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ውፍረቱ አንድ ወጥ ይሁን፤ ስሱና ወፍራሙ ከተደባለቀ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ይሸግታል።

ማስጣት

ጅማ ለዚህ የታደለች ናት፤ በብዙ አርሶ አደር ደጅ ከመሬት ከፍ ያለ የቡና ማድረቂያ አልጋ አለ። የቡናው ጥድፊያ ሲያልፍ፣ በጥር አልጋው ባዶ ይሆናል። ነፋስ ከሥርም ከላይም የሚያገኘው አልጋ ለዝንጅብል ከምንም ይበልጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቡና ገና በአልጋው ላይ ካለ ዝንጅብሉን አጠገቡ አያስጡ። ቡና የሌላውን ሽታ ይስባል፤ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል ጀንፈል ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። አልጋውንም ለቡና ከመመለስዎ በፊት ጠርገው ያጥቡት።

ቁራጩን በአንድ ረድፍ ብቻ፣ ሳይደራረብ ያስጡት። በመጀመሪያው ቀን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡ፤ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ማታ ጤዛው ሳይወርድ ይሰብስቡት። ፀሐይ እንዳሞቀው ፕላስቲክ አይድፉበት፤ ያልበዋል፣ ላቡም ወደ ራሱ ይመለሳል። ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካቀዘቀዙ በኋላ ወደ ቤት ያስገቡት። ጠዋት ጉሙ ሳይገፍ አያውጡት። ጥሩ ፀሐይ ካለ ቁራጩ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ሳይቆረጥ የተፋቀው ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል።

መድረቁን በዓይን መገመት አያዋጣም፤ ሚዛን ይጠቀሙ። ገና እርጥብ ሳለ 1 ኪሎ ግራም መዝነው በሰፌድ ለብቻው ያስጡት። 200 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቁራጩም ሲታጠፍ ሳይለምጥ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል። ቢለምጥ አንድ ሁለት ቀን ይጨምሩ።

ምድር ላይ ወይም አስፋልት ዳር ማስጣት አፈር፣ ፍግና የመኪና ጢስ ያመጣል። ምድጃ ላይ ባለ ቆጥ የደረቀው ጥላሸት ይይዛል፣ ሽታውም ጢስ ይሆናል፤ ለበርበሬ ያልፍ ይሆናል፣ ለመድኃኒት ግን አይሁን። ዝናብ በድንገት ቢመጣ በምጣድ ላይ በስሱ እሳት ማድረቅ ይቻላል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ግን ዘይቱ ይተናል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። እጅዎን በላዩ አቆይተው መታገሥ ካልቻሉ እሳቱ በዝቷል።

አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ የያዘውን ጠርጎ መጠቀም አይገባም። ሻጋታው የሚተወው መርዝ ከመጥረግም ከመፍላትም ያመልጣል። የነካካቸውን ቁራጮች ጭምር ይጣሉ፤ ያሳዝናል፣ ግን መድኃኒት ነውና አይቆጠቡበት።

ማስቀመጥና መግዛት

ሳይፈጭ፣ በደረቅ የብርጭቆ ዕቃ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። የሚፈጨው ለአንድ ወር የሚበቃው ብቻ ነው፤ ዱቄት ሽታውን ፈጥኖ ያጣል። በየወሩ ከፍተው ይዩት። ከሥሩ ስስ ዱቄት፣ ቁራጩ ላይም የመርፌ ቀዳዳ ካዩ ነቀዝ ገብቷል።

ከጅማው ሂርማታ ገበያ የሚገዙ ከሆነ ዱቄት ሳይሆን ሙሉውን ይግዙ። አንዱን ሰብረው ያሽትቱ፦ ስባሪው ፈዛዛ ቢጫ፣ ሽታው አፍንጫን የሚወጋ ይሁን። ከልክ በላይ የነጣውና ክብሪት ክብሪት የሚለው በድኝ ጢስ ታጥኖ ሊሆን ይችላልና ይተዉት።

ማፍላትና መጠን

በቻይና ሐኪሞች አሠራር የእርጥቡም የደረቁም መጠን በቀን ከ3 እስከ 10 ግራም ነው። እቤት ለሚጀምር ሰው ከደረቁ 3 ግራም ይበቃል። የተፈጨው አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ደረቁን ቁራጭ በሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ በስሱ እሳት ወደ አንድ ኩባያ እስኪወርድ ያፍሉት፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ዕቃው ብረት አይሁን። የሸክላ ማሰሮ ከሁሉ ይሻላል፤ የቡናው ጀበና ግን የቡናውን ሽታ ይሰጠዋልና ሌላ ይመድቡለት። እርጥቡ ግን እንዲህ ረጅም አይፈላም፦ ክዳኑ ተከድኖ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የቆየ እንደሆነ ላብ የሚያስወጣው ኃይሉ በእንፋሎቱ ይወጣል።

እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም ቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። በእርጉዞች ማቅለሽለሽ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ የተጠቀሙት በቀን 1 ግራም ገደማ የደረቀ ዝንጅብል ነው፤ ነፍሰ ጡር ከዚያ አትለፍ፣ እሱንም ክትትል ለምታደርግላት ባለሙያ ትንገር። በቻይናውያኑ ሐሳብም ደረቁ «ሙቅ» ስለሆነ ጉሮሮው ለቆሰለ፣ አፉ ለደረቀና ትኩሳቱ ለበረታ ሰው አይሰጥም። ቃር የሚያስቸግረውም ባዶ ሆዱን አይጠጣው። ሆዱ ሁለት ሦስት ቀን ጠጥቶት ካልተሻለው፣ ወይም ደም ካየ፣ ማሰሮውን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።