ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ጋር ሙዚቃ ስንጫወት የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በውሰት አዳራሽ እንሰበሰባለን። ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች፣ እህት ወንድሞቻቸው፣ እናቶቻቸው፣ ጎረቤቱና ሁለት ሦስት ተጫዋቾች አብረን እንዘፍናለን። መድረክ የለም፤ ተመልካችም የለም። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል። ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ፣ መርሳም ሆነ ወልድያ እንዲህ ያለ ነገር ልትጀምሩ የምታስቡ ካላችሁ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው።

አዋቂን እንደ ሕፃን መያዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመረጥናቸው ዘፈኖች የመዋዕለ ሕፃናት ነበሩ፤ አነጋገራችንም እንደዚያው። ከመጡት አንዱ የ42 ዓመት ሰው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል፣ እሳቸውን ግን «ማሙሽ»። ዘፈኑ ሲጀመር ተነሱና ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን እስከ መጨረሻው ቆሙ። እኛም ሙዚቃ አይወዱም ብለን ደመደምን። በሳምንቱ ማሲንቆ ተጫዋቹ ገና እየቃኘ፣ ትዝታ ነካ ነካ ሲያደርግ፣ እኚሁ ሰው መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ደጋኑ ሲሄድና ሲመለስ ዓይናቸው አብሮ ይሄድና ይመለስ ነበር።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ልጆች ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ጎልማሳ ደግሞ የፍቅር፣ የናፍቆት፣ የሰርግ ዘፈን ያምረዋል። በዕድሜው አንቱ የሚባለውን አንቱ በሉት፤ ዘፈኑንም እሱ ይምረጥ። የማይናገር ከሆነ ሁለት ሦስት ዘፈኖችን ጀመር አድርጋችሁ ፊቱንና እጁን ተመልከቱ።

ድምፅ ሲበዛ ደስታ ይበዛል ብሎ ማሰብ

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ለእኛ ተራ የሆነ ድምፅ ያማቸዋል። ማማረር አይደለም፣ በእርግጥ ያማቸዋል። ድምፅ ማጉያውን ተዉት፤ ክራርና ማሲንቆ ለአንድ ክፍል ይበቃሉ። በጣም የተሳሳትነው ግን በእልልታ ነው። ዘፈኑ ሞቅ ሲል አንዲት እናት ከልባቸው ደስ ብሏቸው እልል አሉ፤ ከአጠገባቸው የነበረች ወጣት ጆሮዋን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ደግሞ ለማጽናናት እጇን ከጆሮዋ ሊያላቅቅ ሞከረ። ይህ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ጆሮዋን የያዘችው ራሷን ለመጠበቅ ነውና። አሁን እልልታ የሚፈቀደው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ እጅ ወጥቶ ምልክት ከተሰጠ በኋላ ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያም አለ። የደሴን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የወረደ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው የራስን ድምፅ እንኳ መስማት ይቸግራል። ያን ጊዜ ከዝናቡ ጋር መፎካከር ሞኝነት ነው። እናቆማለን፤ የፈለገ በረንዳ ይወጣል፣ የፈለገ ይተኛል። ለዚህም ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ሁልጊዜ ተነጥፎ ይጠብቃል፤ እዚያ የሄደን ሰው ማንም አይጠራውም።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት

ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ብዙዎቹን ያስጨንቃቸዋል። መፍትሔውን ያገኘነው ከቡናው ነው። አቦል ሲቀዳ የሰላምታ ዘፈን፣ ቶና ላይ መሣሪያ፣ በረካ ላይ መሰናበቻ። ከአቦል በኋላ ምን እንደሚመጣ ወሎ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሲኒው ራሱ ይናገራል። አንድ ቀን ሰዓት መሸብን ብለን ቶናን ዘለልን፤ ሦስት ሰዎች ተረብሸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ካሳጠራችሁ ዘፈኑን አሳጥሩ እንጂ ሲኒውን አትዝለሉ። እጣኑን ግን ቀንሱት፤ ጭሱ የሚያስቸግረው ሰው አለ።

እጁን ይዞ ማስመታት

ዳውን ሲንድረም ያለባት የ26 ዓመት ወጣት ከበሮ ተሰጣት። አልመታችም። አንዷ ረዳታችን ከኋላ ሆና እጆቿን ይዛ በምቱ ማስመታት ጀመረች፤ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን የልጅቷን ጣቶች አየኋቸው፤ ተጨብጠው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም እንዳይነካት ተስማማን። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል፤ እኛም በልባችን እስከ 10 እንቆጥራለን። ሁለት ስንኝ አለፈ። በሦስተኛው ላይ፣ ቁጥሩ 8 ሲደርስ፣ አንድ ጊዜ መታች። ዛሬም ስንኝ ባለቀ ቁጥር አንድ ጊዜ ትመታለች፤ ዘፋኙም ያንን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ዘፈኑ ረዘመ፤ ይርዘም።

ከበሮና ጭብጨባ ብቻ መስጠት

«ሌላውን አይችሉም» ከሚል ግምት የሚመጣ ነው። ክራርን በባቲ ወይም በአምባሰል ብትቃኙት ክሮቹ የሚያወጧቸው ድምፆች በሙሉ ከዚያው ቅኝት ናቸው፤ የትኛውም ክር ቢነካ ከዘፈኑ አያስወጣም። ሁለቱም ቅኝቶች የእኛው የወሎ ቦታዎች ስም ያላቸው መሆናቸውም ደስ ይላል። ማሲንቆ ይከብዳል፣ አንዲቱ ክር ላይ ድምፁን የሚፈጥረው ጣት ነውና፤ ደጋኑን ብቻ መጎተት ግን ይቻላል።

ሳይጠይቁ መንካት

የወሎ ሰው ሰላምታው እቅፍ፣ ማጽናኛው «አብሽር» ብሎ ትከሻ መያዝ ነው። ፍቅር ነው፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። እጃችሁን ዘርጉና ጠብቁ። ካልመጣ ሰላምታው ደርሷል።

ቤተሰቡን አለመጠየቅ

መንዙማ የሚያንጎራጉር ሰው አለን፤ ሌላ ዘፈን ላይ ዝም ይላል። መንዙማ ምስጋናና ጸሎት ነው፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን፣ ሲጀምረው ሌላውን ሁሉ አቁመን እንሰማዋለን። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲመጡም ምን እንደሚዘፈን አስቀድመን እንጠይቃለን።

ፈውስ ማወጅ

ሙዚቃ ኦቲዝምን አያጠፋም። ለእናት እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት ኋላ ላይ ጭካኔ ይሆናል። የሚመጡት ለመዳን ሳይሆን ለመጫወት ነው።

ለበዓል ማውጣትና መቅረጽ

ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲደርስ «ልጆቹን አምጡልን» የሚል ጥሪ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚጠይቅ የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 በባህል ሕይወት ከሌላው እኩል ስለመሳተፍ ይናገራል፤ የፈጠራ ችሎታቸው ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም ብልጽግና መሆኑን ይጨምራል። ስለዚህ ስትጋበዙ መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቁ፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም።

ቪዲዮውም እንደዚሁ ነው። አንድ ጎብኚ የቀረጸው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ የአንዷን ቤተሰብ ክፉኛ አስቀየመ። ከዚያ ወዲህ ስልኮች ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስበው ሰፌድ ላይ ይቀመጣሉ፤ በረካ ተጠጥቶ የመሰናበቻው ዘፈን ሲያልቅ፣ ለየባለቤቶቹ የሚያድሉት ያ መስኮቱን የመረጡት ሰው ናቸው።