በዘመነ ጽጌ አንብቦ፣ ሰምቶ፣ አሰላስሎ ለመክረም

ዘመነ ጽጌ (የአበባው ወቅት) ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ነው። በጎጃም ደጋ ዝናቡ አባርቷል፣ አረሙ ወደ ማለቁ ነው፣ የጤፉ አጨዳ ግን ገና አልደረሰም። ለንባብ ከዚህ የተሻለ ፋታ በዓመቱ ውስጥ አይገኝም። በእነዚህ 40 ቀናት ውስጥ የሚውሉት እሑዶች አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ ዕቅዱንም በዚሁ ልክ ያውጡት፦ ንባቡ በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ፣ ረዘም ያለው ማዳመጥ በሳምንት አንዴ።

ንባቡን ጠዋት ያድርጉት። ማታ መብራት ይጠፋል፤ በስልክ ብርሃን ማንበብ ደግሞ መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳብ ይበትናል። መጠኑ ከስምንት እስከ አሥር መስመር ይበቃል። መጀመሪያ ድምፅ አውጥተው ሳያቋርጡ ይዝለቁት። ሁለተኛ በለሆሳስ፣ ጣት እያስከተሉ። ሦስተኛ የያዘዎትን አንድ መስመር ብቻ ይመልሱት፤ ከዚያ መጽሐፉን ከድነው በቃልዎ ይበሉት። አልወጣልዎ ካለ የመረጡት በዝቷል፣ ነገ በግማሽ ይቀንሱት።

ዳዊት የሚደግም ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሰኞው ድርሻ ከ1 እስከ 30 ነው፤ እሱ ጸሎት ነው፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ለማሰላሰል ግን 30 መዝሙር በአንድ ጠዋት አይሆንም። መዝሙር 118ን ብንወስድ በ22 ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 8 ቁጥር ስለሆነ ልክ የአንድ ቀን መጠን ነው። በቀን አንድ ክፍል ቢሉ በ22 ቀን ያልቃል፤ ለተቀሩት ቀናት ግጥምም ቢሆን ተረትም ቢሆን ይምረጡ።

ማዳመጥ ከንባብ ይከብዳል፤ ያለፈው መስመር ተመልሶ አይገኝምና። የጽጌ ማኅሌት ቅዳሜ ማታ ገብቶ እሑድ ይነጋል። ቅኔም በመካከሉ ይሰማል። የዋሸራና የጎንጅ፣ የስመ ጥሮቹ የቅኔ ጉባኤዎች፣ አገር ሆኖ ቅኔ ሳይሰሙ መክረም ያሳፍራል! ለብርዱ ጋቢ ይያዙ። ድምፅ ማጉያው ሥር አይቁሙ፤ ማሚቶው የቃሉን መጨረሻ ይውጠዋል፣ በቅኔ ደግሞ ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ነው። ስልክዎን ያጥፉት እንጂ አይቅዱበት፤ «ቤት ገብቼ እሰማዋለሁ» ያለ ጆሮ እዚያው ይሰንፋል።

ግእዝ ባይችሉም ቤቱን (ስንኙን) ይቁጠሩ። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ሚበዝኁ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ነገሩ የት እንደሚያርፍ ስለሚጠብቅ በመሐል አይዘናጋም። ለጀማሪ ጉባኤ ቃና ይቀላል፤ የሁለቱን ቤት መድረሻ ቃላት ይዞ መውጣት ይቻላል። ትርጉሙን በሥርዓቱ መሐል ጎረቤትዎን አይጠይቁ። ሲወጡ መምህሩን «የኔታ፣ የዛሬው ጉባኤ ቃና ሰሙ ምን ነበር?» ይበሉ። ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቁን፣ የተደበቀውን ትርጉም፣ አይጠይቁ። ወርቁ ከተነገረዎ ሰሙን ዞር ብለው አያዩትም፤ ሰሙን ይዘው ከሄዱ ግን ወርቁን መንገድ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

አፈታቱን ለማሳየት በአማርኛ ይቺን ገጥመናል፦

ቀፎህ ሞልቷል ሲሉ ደጅህ ቆሜያለሁ፤
ሳይመሽብኝ ቶሎ ማር ማር እልሃለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን እንዳለ ይዩት፦ ማር የሚቆረጥበት ወቅት ነው፣ አንድ ሰው ንብ አናቢ ደጅ ቆሞ ማር ይለምናል። ሰሙ ይኸው ነው። ቀጥሎ የማይመች ነገር ይፈልጉ። ማር ለማኝ «ሳይመሽብኝ» ብሎ ለምን ይጨነቃል? ኅብሩ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል፣ የተደበቀው እዚያ አጠገብ ነው፤ «ማር» ይቅር በል ማለትም ነው። ያን ጊዜ ደጁ የአምላክ ደጅ፣ ምሽቱ ሞት ይሆናል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰሙን ሳያይ እያንዳንዱን ቃል እየሰነጠቀ ኅብር ማደን ሲጀምር ነው፤ «ቀፎ»ንም «ቶሎ»ንም ልፍታ ሲል ቅኔው ይበተንበታል።

ለማሰላሰሉ የቅኔ ተማሪ ቆጠራን፣ ማለትም ቅኔ ማውጠንጠኑን፣ ያስታውሱ። ተማሪው ጓደኞቹን ትቶ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ዳር ብቻውን ይቀመጣል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ የሚነግረው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎም ያነበቡትን ወይም የሰሙትን አንዷን መስመር ይዘው ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻዎን በእግር ይሂዱ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳያደርጉ። ሐሳብ ወደ ማዳበሪያ ዕዳ ወይም ወደ ገበያ ቢሸሽ አይጣሉት፤ መስመሯን ድምፅ አውጥተው አንዴ ሲሏት ይመለሳል። ሲመለሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ። ለሰው የሚነገር ምክር አይጻፉ፤ ምክር መጻፍ ሲጀምሩ ማሰላሰሉ ስብከት ሆኗል ማለት ነው። የጻፉትንም ለማንም ከማሳየትዎ በፊት አንድ ቀን ያሳድሩት።

ያመለጠዎትን ቀን በማግስቱ ደርበው አያካክሱ። ሁለት ንባብ በአንድ ጠዋት ከተነበበ የመጀመሪያው ይረሳል።