የብሮኬድ ሳን ስዊች፦ ስያሜና የመጀመሪያ ማዋቀር
ሳን ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ (ከመረጃ ማከማቻ) ጋር የሚያገናኝ ኔትወርክ ነው። አዲሱን የሳን ስዊች በኮንሶል ገመድ ግቡበት፤ ፍጥነቱ 9600፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ። የፋብሪካው አይፒ 10.77.77.77 ነው፤ በ«አይፒአድርሴት» ትእዛዝ በአስተዳደር ኔትወርካችሁ አድራሻ ተኩት።

ስሙን በ«ስዊችኔም» ስጡ። በፊደል ይጀምር፤ ክፍት ቦታ አይኑረው፤ ፋብሪኩን (የተገናኙ ስዊቾች የሚፈጥሩትን ኔትወርክ)፣ ራኩን (ስዊቹ ያለበትን መደርደሪያ) እና ተራ ቁጥሩን ይናገር። የፕላኔት ስም ያምራል፤ ሌሊት ገመድ ለሚፈልግ ባለሙያ ግን ምንም አይነግረውም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ዶሜይን አይዲ፣ ማለትም ስዊቹ በፋብሪኩ ውስጥ የሚለይበት ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 239 ይሆናል፤ በአንድ ፋብሪክ ውስጥ አይደገምም። ለመቀየር «ስዊችዲሰብል»፣ ቀጥሎ «ኮንፊገር»፣ ከዚያ «ስዊችኢነብል»። ስዊቹ ሲዘጋ ትራፊኩ ሁሉ ስለሚቋረጥ ሰርቨርና ስቶሬጅ ከመሰካታቸው በፊት ጨርሱት። ሥራ ላይ ያሉ ሁለት ስዊቾች አንድ ዓይነት አይዲ ይዘው ቢገናኙ፣ ማገናኛ ፖርቱ ሴግመንት ይሆናል (ይነጠላል)፤ ፋብሪኮቹም አይዋሃዱም። ሁለት ፋብሪኮች (ኤ እና ቢ) ካሏችሁ፣ የኤን ዶሜይን አይዲ ከ10 ጀምሮ፣ የቢን ከ20 ጀምሮ መቁጠር ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ሰዓቱን በ«ቲኤስክሎክሰርቨር» አስተካክሉ፤ ቅንብሩን በ«ኮንፊግአፕሎድ» ወደ ሌላ ማሽን አስቀምጡ።