የተቋረጠ የቁርኣን ንባብን እንዴት መልሶ ማስቀጠል ይቻላል?

በረመዳን በየቀኑ አንድ ጁዝእ (ከቁርኣን 30 ክፍሎች አንዱን) ሲያነብ የከረመ ሰው፣ ቀጣዩ ወር ሸዋል ገብቶ ሥራ ሲበዛበት ሙስሐፉን (የቁርኣን መጽሐፉን) ሳይከፍት ሳምንት ሊያልፈው ይችላል። አዳማ ውስጥ ሱብሒን (የንጋት ሶላትን) ሰግዶ ባጃጁን ወደ መናኸሪያ ይዞ ለሚወጣ፣ ማታም ደክሞት ለሚገባ ሰው ይህ የዘወትር ፈተና ነው።

መልሰው ለመጀመር ሲነሡ በቅድሚያ የተቋረጠበትን ምክንያት ይፈልጉ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) ረሱል፣ ማለትም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በሚጠቅመን ነገር ላይ እንድንጓጓ፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሳነፍ ካዘዙ በኋላ፣ አንድ ነገር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ማለት ለሸይጧን ሥራ በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀዋል። ስሕተትን መመርመር ግን አልተከለከለም። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኡሑድ ዘመቻ የሙስሊሞቹ ቀስተኞች ቦታቸውን ለቀው ጉዳት በደረሰ ጊዜ፣ የኣሊ ዒምራን ምዕራፍ 152ኛ አንቀጽ መላላትን፣ መጨቃጨቅንና ትእዛዝ መጣስን በግልጽ ዘረዘረ፤ 159ኛው አንቀጽ ደግሞ ነቢዩ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸውና እንዲያማክሯቸው አዘዘ። በእኔ እምነት ራስን ለመገምገም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የለም። ስለዚህ ምክንያቱን በአጭሩ ይጻፉ፦ መጠኑ በዝቶ ነው? ሰዓቱ ድካም የሚበረታበት ሆኖ ነው? ወይስ ስልክ ጊዜውን ወስዶት?

ቀጥሎ መጠኑን ያሳንሱ። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከእርሳቸው እንዳስተላለፉት፣ አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነው። 604 ገጽ ባለው የመዲና ሙስሐፍ በቀን 2 ገጽ ያነበበ ሰው በ302 ቀን፣ ማለትም በዐሥር ወር ገደማ ያኸትማል (ቁርኣኑን አንብቦ ይጨርሳል)። ሁለቱን ገጾች ከሱብሒ በኋላ ከመስጂድ ሳይወጡ ማንበብ ይመረጣል።

የሌሊት ንባብ ልማድ ያለው ሰው እንቅልፍ ካሸነፈው፣ የነቢዩ ባልደረባ ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ መፍትሔ አለው፦ ተኝቶ ያመለጠውን ድርሻ በሱብሒና በዙህር (የቀትር) ሶላት መካከል ያነበበ ሰው ሌሊት እንዳነበበው ይጻፍለታል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) እንቅልፍ ወይም ሕመም የሌሊት ሶላትን ሲያስቀራቸው ቀን 12 ረከዓ (የሶላት ዙር) ይሰግዱ ነበር። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ የሚቀንስበትን ረፋድ ለዚህ ሊጠቀምበት ይችላል። የሳምንት ውዝፍ ግን በአንድ ቀን ለማካካስ አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ያቋረጠዎት ብዛት ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ገጽም ደጋግሞ ካመለጠ ወደ አንድ ይውረዱ።

ግዴታ ሶላት ካመለጠ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እንዳስታወሱ ወዲያውኑ ይሰገዳል፣ የንባቡ ድርሻ ከእርሱ በኋላ ይደርሳል።