የትምባሆ ተመራማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ እኔ የሠራኋቸውም አሉበት

የመጀመሪያው "በቀን ስንት ታጨሳለህ?" ብሎ፣ መልሱን መዝግቦ መሄድ ነው። እኔ ሥራውን ስጀምር ሱስን የምለካው በዚች ቁጥር ብቻ ነበር። ግን አሥር የሚያጨሰው ሰው ጠልቆ እየሳበ፣ ሃያ ከሚያጨሰው ጋር የሚቀራረብ ኒኮቲን ሊያገኝ ይችላል። ይልቅ "ጠዋት ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሳት?" በሉት። የኒኮቲን ሱስ ከሚለካበት ከፋገርስትሮም መጠይቅ 6 ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካለ 3 ነጥብ ይይዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያላጨሰ ሱሰኛ ጠዋት የሚነሳው ርቦት ነው።

"አቁሜያለሁ" ያለን ሰው በቃሉ ብቻ መመዝገብም አያዋጣም። አንድ ተሳታፊ አቆምኩ ሲለኝ የትንፋሽ መለኪያውን ሰጠሁት። ነፋ። ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ እሱ አንገቱን ደፋ። ዋሾ ሆኖ አይደለም፣ አፍሮ ነው፤ አጠያየቄ የመርማሪ እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው። መለኪያውም ቢሆን ይሸወዳል፦ የሚለካው ከጭሱ የሚገባው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በአንድ ቀን ገደማ ከሰውነት ስለሚወጣ ከትናንት ጀምሮ ያላጨሰ ሰው ያልፈዋል። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚወጣው ኮቲኒን፣ እሱም የሚመረመረው፣ ለቀናት ይቆያል፣ ግን የኒኮቲን ማስቲካ የሚያኝክን ሰው ሳያጨስ አጫሽ ያስብለዋል። ይህን ዘንግቼ ስንቱን ከልቡ ያቆመ ሰው አጫሽ ብዬ ልመዘግበው ነበር።

የጠፉ ተሳታፊዎችን ከስሌት ማውጣት? ኧረ በፍጹም። ስልክ የማያነሳው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ጀምሯል፤ በእኛ ሙያ የጠፋ ሰው እንደ አጫሽ ይቆጠራል። ክትትሉም ቢያንስ 6 ወር ይሁን።

ሲጋራ ላይ የሚለጠፈው "ላይት" (ቀላል) የሚለው ስምም ያታልላል። የፊልተሩን ወረቀት ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የመለኪያ ማሽን ሲስበው አየር በነሱ ስለሚገባ ታሩ (በጭሱ ውስጥ ያለው ጎጂ ዝቃጭ) ያነሰ ይመስላል። ሰው ግን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፣ አልበቃ ሲለውም አብዝቶ ይስባል።

ከትምባሆ ኩባንያዎች የሚመጣው የምርምር ገንዘብ ነገር ደግሞ አለ። "ብሩን ብቻ ነው የምወስደው፣ የሚያዘኝ የለም" የሚል ጀማሪ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያዎች የምርምር ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፤ ሳይንቲስቶች ተከፈላቸው፣ ሲጋራ ካንሰር ማምጣቱ ላይ ግን ጥርጣሬው ለዓመታት እንዲቆይ ተደረገ። ዛሬ አንዳንድ ጆርናሎች በነሱ ገንዘብ የተሠራ ጽሑፍ ጭራሽ አይቀበሉም። ገንዘቡ በፋውንዴሽን ስም ተጠቅልሎ ሊመጣም ይችላል፤ ከመፈረማችሁ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ ጠይቁ፣ መልሱን ካድበሰበሱት ተዉት።