የታኅሣሥ ሙቀት ሲበረታ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንዴት ይዋላል?

ታኅሣሥና ጥር ሐዋሳ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ይለቀዋል፤ ንጋት ላይ ጃኬት ያስለብሳል። አንዳንድ ዓመት ግን ብርዱ ቶሎ ይለቅና መጋቢትን የመሰለ ሙቀት ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘ ውጪ መዋል ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ሰዓት መምረጥ ነው፤ ሐይቁ ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል።

ታቦር ተራራ የምትወጡ ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ለአንድ ሰው ይበቃል። በበጋ መንገዱ አቧራና ጠጠር ስለሚሆን የሚያንሸራትተው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ።

ዓሣ ለመግዛት ግን ተራራውን ለሌላ ቀን ትታችሁ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጠዋቱ ድረሱ። አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያነሡት ትኩሱ የሚገኘው ያኔ ነው። መግቢያ ላይ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ለጥብስ ቆሮሶ ይሻላል፤ አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ ይሁን። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ከጠቆረና ካዝለገለገ ተዉት። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ አድሯል ማለት ነው። ቅርፊቱን አስፍቃችሁ ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጡ፤ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ የሃይላንድ ጠርሙስ ከጎኑ አድርጋችሁ ያዙት። በዚህ ሙቀት ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ጥሬውን በዳጣ መብላት እዚያ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዳጣውም ሎሚውም ጥገኛ ትልን አይገድሉም፣ አብስሎ መብላት ይሻላል። ምግብ በፌስታል አንጠልጥላችሁ ዛፉ ሥር አትዙሩ፣ ጦጣ ይነጥቃችኋል።

ጀልባ ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ፣ ደርሶ መልሱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱና ማሰሪያው መቆለፉን ሞክሩት፤ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አያድንም። ጉማሬ ለማየት «ጠጋ በልልን» ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃው ስለሚመለስ፣ ማለዳ ሣር በበዛበት ዳርቻ ብቻችሁን አትሂዱ።

ሙቀቱ ቢያጓጓም ሐይቁ ውስጥ አትግቡ፣ ልጆችንም እግራቸውን አታስነክሩ። ዳር ዳሩን ባለው ሣርና ቄጤማ ላይ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ትል ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ የሚበዛውም ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ነው። ትሉ በደቂቃዎች ቆዳ ሰርስሮ ስለሚገባ ኋላ በሳሙና መታጠብ አያስተማምንም። የነካው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ቶሎ ከሄደ ላይታይ ይችላል።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ሁኑ። ከተማው ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ነፋሱ ቢያቀዘቅዝም ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሰው የሚጎዳው ሙቀቱ ስለማይሰማው ነው። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ነጠላ በቂ ነው።

ጥብሱ ለ10 ሰዓት ግቢ ውስጥ ይድረስ። ለአንድ ኪሎ ቆሮሶ በየጎኑ ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አራት ፍንካች የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለውሳችሁ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡት፤ ሃያ ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ በላይ ከቆየ ሎሚው ሥጋውን ያፈረካክሰዋል። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ብዙ ሰው ዓሣው ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚበጣጠስበት ብረቱ ሳይግል፣ ዓሣው ሳይደርቅ ስለሚያሰፍረው ነው። ብረቱን አግሉ፣ ግማሽ ሽንኩርት ዘይት ነክራችሁ ቀቡት፣ የዓሣውን ቆዳ በጨርቅ አድርቁና አስቀምጡ። ሰባት ደቂቃ ያህል አትንኩት፤ ሲደርስ ራሱ ይላቀቃል። ገልብጡና ሌላውን ጎን እንዲሁ። አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ በቀላሉ ከተነሣ በስሏል። ፍሙን ውኃ አፍስሳችሁበት ተነሡ፤ የበጋ ሣር በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል።

12 ሰዓት ሲሆን እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ማታ አጎበር ውስጥ እደሩ። ከክረምቱ ማግሥት ያሉት ወራት የወባ ወቅት ናቸው፤ የሞቀ ታኅሣሥ ደግሞ ትንኟን ያቆያታል። ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይሰጥ።