በወረርሽኝ ወቅት የልጆች ተጓዥ ሆኪ ቡድን የውድድር ዘመን እንዴት ይታቀዳል?

ዕቅድዎን ሲጀምሩ አስቀድመው ማሰብ ያለብዎት ስለሚቋረጡት ጨዋታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020–21 የውድድር ዘመን በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ የልጆች የበረዶ ሆኪ የገጠመውን ማስታወስ ይበቃል። የኒው ሃምፕሸር ግዛት ኦክቶበር 15 ላይ ሆኪን ለሁለት ሳምንት አገደች። ማሳቹሴትስ ከሆኪ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 30 የበሽታ ሰንሰለቶች እንዳገኘች አስታውቃ የቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳዎቿን ከኦክቶበር 23 እስከ ኖቬምበር 7 ዘጋች። በኖቬምበር አጋማሽ ሰባት የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ከግዛት ግዛት የሚደረገውን የልጆች ሆኪ ውድድር በአንድነት ከለከሉ። እኔ የምኖርባት ሚኒሶታ ደግሞ ኖቬምበር 20 ሌሊት ልምምዱንም ጨዋታውንም አቆመች፤ ልምምድ የተፈቀደው ጃንዋሪ 4፣ ጨዋታ ደግሞ ጃንዋሪ 14 ነበር። ለመዘጋጀት የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንድ ቦታም ከአንድ ሌሊት ያልበለጠ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ተጓዥ ቡድን ማለት ልጆች በሙከራ ተመርጠው የሚገቡበት፣ ከመኸር እስከ ክረምት መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ከተማ እየሄዱ የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ለአንድ ልጅ በዓመት የሚወጣው ወጪ በሺሕ ዶላር ይቆጠራል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ከእኛም ማኅበረሰብ ልጆች ወደዚህ ስፖርት የገቡ አሉ፤ ወላጅ ልምምድ እያመላለሰ ጥቂት ከቆየ በኋላ የቡድን አስተባባሪ ሁን መባሉ አይቀርም። ይህን የምጽፈው ኃላፊነቱን ለተረከበው ወላጅ ነው።

1. ማን እንደሚወስን ይለዩ

የግዛቱ አስተዳደር፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ የሆኪ ማኅበሩ፣ የሜዳው ባለቤት፣ ትምህርት ቤቱ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መመሪያ ያወጣሉ። ከሁሉም ጥብቁን ይከተሉ። በየሳምንቱ እሑድ ማታ መመሪያዎቹን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ሁሉም ወላጅ ያገኘውን ዜና በቡድኑ መልእክት መላኪያ ላይ የሚለጥፍ ከሆነ ግን በሦስተኛው ሳምንት የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

2. የተጫዋቾች ቁጥር፣ በተለይ ግብ ጠባቂ

በወረርሽኝ ጊዜ አነስ ያለ ቡድን የሚሻል ይመስላል። በእኔ እምነት ግን አያዋጣም። ሦስት ልጆች በአንድ ሳምንት ቢቀሩም ጨዋታው መካሄድ የሚችልበት ቁጥር ያስፈልጋል፤ 15 ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ ጥሩ ልክ ነው። አንድ ግብ ጠባቂ ብቻ ይዞ ዘመኑን የሚጀምር ቡድን በአንድ ልጅ ጉሮሮ ሕመም ሁለት ሳምንት ጨዋታ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ ካልተገኘ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱን ፈቃደኛ ልጅ ከኦክቶበር ጀምሮ ያለማምዱት፤ የግብ ጠባቂ ትጥቅ ውድ ስለሆነ ከማኅበሩ በውሰት ይጠይቁ።

3. ገንዘቡ

ቡድኖች የሚጣሉት፣ ወላጆችም የሚኳረፉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ትልቁ ወጪ የበረዶ ሰዓት፣ ማለትም የበረዶ ሜዳው በሰዓት የሚከራይበት ዋጋ ነው። በአሜሪካ አንድ ሰዓት እንደየቦታው ከ200 እስከ 400 ዶላር ይጠይቃል። በ250 ዶላር ሒሳብ 60 ሰዓት ቢከራዩ 15,000 ዶላር ይሆናል፤ ለ17 ቤተሰብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 880 ዶላር ያህል። ዳኛው፣ ማሊያው፣ የውድድር መግቢያውና ሆቴሉ ገና አልተነካም። በተለመደው ጊዜ ይህን ሁሉ ደምሮ በሴፕቴምበር መሰብሰብ ሥራ ያቀላል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን አይሞክሩት።

ወጪውን በሦስት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ከወጣ የማይመለስ ነው፦ የአባልነት ምዝገባ፣ መድን፣ ማሊያ። ሁለተኛው ሲጠቀሙበት ብቻ የሚከፈል ነው፦ የበረዶ ሰዓት፣ ዳኛ። ሦስተኛው ሊመለስም ላይመለስም የሚችል ነው፦ የውድድር መግቢያ፣ ሆቴል። ከወላጅ የሚሰበስቡትን በአራት ዙር ያድርጉት፣ እያንዳንዱ ዙርም የሚቀጥሉትን አምስት ሳምንታት ብቻ ይሸፍን። ቡድኑ ከታገደ ቀጣዩ ክፍያ አይጠየቅም። ይህን በጽሑፍ አስፍረው ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ለሁሉም ይላኩ። በቃል የተነገረ ነገር ችግር ሲመጣ ሁሉም በየፊናው ይተረጉመዋል።

ቀጥሎ የሜዳው ውል አለ። አብዛኞቹ ውሎች "ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል" የሚል አንቀጽ ስላላቸው ወላጆች ያንን አይተው ይረጋጋሉ። አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ብዙውን ጊዜ የሚለው ሜዳው ባይከፈት ባለቤቱ አይጠየቅም ነው፤ የተከፈለው ይመለሳል የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ፦

መንግሥት ሜዳውን ቢዘጋ ገንዘባችን በጥሬው ይመለሳል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይያዛል?
ሜዳው ክፍት ሆኖ ጨዋታ ብቻ ቢከለከል ሰዓቱን መልቀቅ እንችላለን?
ሁሉም ክፍት ሆኖ የእኛ ቡድን ብቻ ተለይቶ ቢቆይስ?

ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፣ በተግባር ግን ደጋግሞ የሚያጋጥመው እሱ ነው። አንድ ልጅ ይታመማል፣ ቡድኑ ሁለት ሳምንት ቤቱ ይቀመጣል፣ የሜዳው ደረሰኝ ግን መምጣቱን አያቆምም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ከሰጠን ሰዓቱ ለሌላ ቡድን ይሰጥልን የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይግባ። የበረዶ ሰዓት የሚፈልግ ቡድን ስለማይጠፋ የሜዳው ሥራ አስኪያጅ በትሕትና ከተጠየቀ ይህን መስማማቱ አይከብደውም።

ስለ ሩቅ ውድድሮች ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፦ በወረርሽኝ ዘመን ከግዛት ውጭ ለሚደረግ ውድድር በኦገስት ገንዘብ አይክፈሉ። የማውቀው አንድ ቡድን ለሦስት ውድድሮች አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። እገዳው ሲመጣ አዘጋጁ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ዓመት ይዤላችኋለሁ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከልጆቹ እኩሌታው በዕድሜ ወደ ላይኛው ምድብ አልፈው ቡድኑ ተበትኗል፤ የእነሱ ወላጆች ገንዘብ ውሃ በላው። "ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል" የሚለው ቃል በየዓመቱ ቡድን ለሚቀይር ልጅ ትርጉም የለውም። አንዳንድ ውድድሮች ደግሞ ለመጫወት አዘጋጁ ባዘዘው ሆቴል ማደርን ግዴታ ያደርጋሉ፤ የሆቴሉን የመሰረዣ ቀን ከውድድሩ የመሰረዣ ቀን ጋር ያነጻጽሩ፣ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ የምለው ነው። በ2020 ብዙ የእኛ ሰዎች በአየር ማረፊያ፣ በሆቴልና በታክሲ የሚሠሩት ሥራ ቀነሰ ወይም ቆመ። እጅ ያጠረው ወላጅ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ "አልቻልኩም" አይልም፤ ልጁን ዝም ብሎ ያስወጣል። ስለዚህ ችግር ያለበት ሰው ከአስተባባሪውና ከገንዘብ ያዡ ጋር ብቻ በምስጢር መነጋገር እንደሚችል በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ገንዘብ ለዚህ ማስቀመጥ ይቻላል። በገንዘብ ምክንያት አንድም ልጅ ከበረዶው መራቅ የለበትም።

4. የጊዜ ሰሌዳውን በብሎክ ይሥሩ

ዘመኑን አምስት አምስት ሳምንት እያደረጉ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ብሎክ ከቤት የአንድ ሰዓት መንገድ የማይርቁ ተጋጣሚዎችን ብቻ ያስገቡ፣ ራቅ ያሉትን ወደ መጨረሻ ይግፉ። በየብሎኩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ባዶ ይተዉ። ባዶ ቀን ሲያዩ የሚጨነቁና በጨዋታ ሙሉት የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ፤ አይስሟቸው፣ የተሰረዘው ጨዋታ የሚገባው እዚያ ነው።

የአሜሪካ የሆኪ ፌዴሬሽን የልጆች ማሠልጠኛ ዘዴ ለአንድ ጨዋታ ሦስት ልምምድ ያህል እንዲኖር ይመክራል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ምክር እጥፍ ጥቅም አለው፤ ልምምድ ከራስ ቡድን ጋር ብቻ የሚደረግ ስለሆነ እገዳ ሲላላ ቀድሞ ይፈቀዳል፣ የሚኒሶታው የጃንዋሪ አከፋፈትም እንደዚያ ነበር። ከሜዳው ጋር ሲዋዋሉ የማርች መጨረሻንና የኤፕሪል መጀመሪያን ሰዓቶች ከወዲሁ በአደራ ያስይዙ። እገዳው ሲነሣ ሁሉም ቡድን እነዚያን ሰዓቶች ይሻማል።

ጉዞው የደርሶ መልስ ይሁን። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ ሄዶ ተጫውቶ መመለስ። የሁለት ቤተሰብ ልጆች በአንድ መኪና የሚሄዱ ከሆነ ዘመኑን ሙሉ እነዚያው ሁለቱ ይሁኑ።

5. የጨዋታው ዕለት

መልበሻ ክፍል ዝግ ነው ብለው ያቅዱ። ልጁ ከቤት ለብሶ ይምጣ፣ ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ይውጣ። ስም የተጻፈበት የራሱ የውሃ ጠርሙስ፣ የፊት ጭምብል፣ ለአንድ ልጅ አንድ ወላጅ።

የሚያስቸግረው የበረዶ ጫማው፣ ከሥሩ ስለት ያለው መንሸራተቻ ነው። የሚኒሶታ ጃንዋሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲደርስ በመኪና ማቆሚያ ላይ ጫማ ማሰር ቀላል አይደለም። ጫማውን ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ብርዱ ያደርቀውና የልጁ እግር አይገባም። ማሞቂያው ባለበት በእግሩ ሥር ያኑሩት። ልጁ መቀመጫው ላይ እንዳለ በሩን ከፍተው ይሰሩለት፦ ከጣቶቹ በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጠበቅ። ከዚያ ስለቱ ላይ የጎማ መሸፈኛውን ያጥልቁ፤ አስፋልት ላይ አምስት እርምጃ ቢራመድ ስለቱ ይደንዛል። ግብ ጠባቂው ትልልቆቹን የእግር መከላከያዎች ለብሶ መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለማይችል ለእሱ ብቻ ከሜዳው በር አጠገብ ወንበር ይጠይቁለት።

6. ልጅ ሲታመም

ሆኪ ለምን እንደሚያሰጋ ወላጆች ማወቅ አለባቸው። በጁን 2020 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አካባቢ የተደረገ አንድ የአዋቂዎች ጨዋታ ላይ ከ22ቱ ተጫዋቾች 14ቱ እንዲሁም አንድ የሜዳው ሠራተኛ በአምስት ቀናት ውስጥ የኮቪድ ምልክት ታየባቸው። የቀዘቀዘ የቤት ውስጥ አየር፣ የሚያለከልክ ሰው፣ ትከሻ ለትከሻ የሚያገናኝ የተጠባባቂዎች ወንበር አንድ ላይ ሲሆኑ ውጤቱ ይህ ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል የቅርብ ንክኪ ብሎ የቆጠረው በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ 15 ደቂቃ፣ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት አብሮ መቆየትን ነው። "በድምሩ" የሚለውን ልብ ይበሉ። ልጆች በየደቂቃው እየገቡና እየወጡ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ ተደምሮ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ የወንበሩ አቀማመጥ ቋሚ ይሁን፣ ምክትል አሠልጣኙም በየጨዋታው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ይጻፍ። ያ ወረቀት ካለ ማን ቤት መቆየት እንዳለበት የጤና ባለሙያው በቀላሉ ይለያል፤ ከሌለ ሁሉም ይቀመጣል።

መልእክቱን አስቀድመው ያዘጋጁ። አጭር ይሁን፦ "ከቡድናችን አንድ አባል በምርመራ ኮቪድ እንዳለበት ታውቋል። የመጨረሻው ንክኪ የነበረው ቅዳሜ ነው። ልምምድ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ቆሟል። የጤና መሥሪያ ቤቱ የሚደውልላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ስልካችሁን አንሡ።" የልጁ ስም አይጠቀስ። ልጆች ማን እንደሆነ መገመታቸው አይቀርም፤ አሠልጣኙ ያን ዕለት ልጁን ደውሎ ያጽናናው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን እውነቱን መናገር ነው። ቅዳሜ ትልቅ ጨዋታ ካለ ዓርብ ማታ የሚያስል ልጅ "ብርድ ነው" ይባላል። ወላጅ የሚደብቀው ልጁ ቦታውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ይህን ፍርሃት ማስወገድ የሚችለው አሠልጣኙ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ልጆቹ ባሉበት ቆሞ "ታምሞ የቀረ ቦታው አይነካም" ይበል፣ ቃሉንም ይጠብቅ። እንደ ብዙዎቻችን ቤት አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ያለ ምርመራና ያለ ምክንያት ልጁን የማስቀረት መብት ይኑረው። ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅም አይገባም።

7. ሁሉም ሲዘጋ

ለልጁ የቤት ሥራ ይስጡት፦ ለስላሳ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በየቀኑ ኳስ ወይም ፓክ (በሆኪ በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) መቆጣጠር፣ መዝለልና መሮጥ። በሚኒሶታ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ የከተማ መናፈሻዎች የውጭ በረዶ ያዘጋጃሉ፤ መመሪያው እንደፈቀደ ከራስ ቤተሰብ ጋር መንሸራተት ይቻላል። ሐይቅ ላይ ከሆነ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚመክረው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ጠንካራ በረዶ ነው፤ ሳይለኩ አይውጡ።

8. ሒሳቡን ይዝጉ

የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በአንድ ገጽ ጽፈው ለሁሉም ይላኩ፤ ከሜዳው የተመለሱ ሰዓቶችም ይካተቱ። የተረፈው በተዋጣው መጠን ለየቤተሰቡ ይመለስ። በመሀል ለወጣ ልጅም ድርሻው ይላክለት።